ጫማ ያስወለቀው ደጃፍ

ኢያቄም ጉድጓድ መቆፈር አቅቶት አይደለም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ባለው መንደር ከእሱ የተሻለ ድጅኖ የሚይዝ ጎልማሳ አልነበረምና። የቄስ ልጅ ነው። አባቱ ሲያርፉ የዜማ ትምህርቱን አቋርጦ የእናቱን እርሻ ያዘ። የእርሻ ሥራ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ እየጠረበ ትንንሽ መስቀል ለቱሪስት ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ የሽንት ቤት ጉድጓድ በጋውን ሙሉ ሲንገታገት፣ ችግሩ ከጉድጓዱ እንዳልሆነ መንደሩ ሁሉ ገብቶታል። ያልገባት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም ጉድጓዱን ልታይ የምትመላለሰው ፋና ናት።

ፋና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። አገሯ ዋድላ፣ ኮን ነው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሠልጥና፣ እዚህ ላስታ ተመደበች። ዘመኑ ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት የቀሩበት ነው፤ በየስብሰባው «እስከ ሚሊኒየሙ» የማይባልለት ጉዳይ አልነበረም። የቀበሌው ቤት ሁሉ ሽንት ቤት እንዲኖረውም የተባለው እስከ ሚሊኒየሙ ነው። ፋና ቦርሳዋን አንግታ ከዳገት ዳገት፣ ከደጅ ደጅ እየዞረች ታስተምራለች። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ሕፃናቱ ተከትበው ኩፍኝ ሳይነካቸው ሲያልፍ ግን «ሐኪሟ» ይሏት ጀመር።

የኢያቄም እናት እማማ አልጣሽ ጋ የደረሰችው በኅዳር አንድ ጠዋት ነው።

«ልጄ፣» አሉ እማማ አልጣሽ፣ ያስተማረቻቸውን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ «ገደሉም የእግዜር፣ ሜዳውም የእግዜር። ለዚህ ነገር ደግሞ ቤት ይሠራለታል?»

«ዝንቡም የእግዜር ነው እማማ። ከሜዳው ተነሥቶ ምግብዎ ላይ ሲያርፍ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።»

ከበሩ ኋላ ሳቅ ተሰማ። ፋና ዞር ስትል አንድ ረዘም ያለ ጎልማሳ የድንጋይ አቧራ የለበሰ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«እርስዎን ምን አሳቅዎት?» አለችው፣ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ኮስተር ብላ።

«እናቴ መልስ ስታጣ አይቼ አላውቅም። ጉድጓዱን እኔ እቆፍራለሁ።» ዐይኗን አየት አደረገና ወዲያው ወደ መሬት ተመለሰ። «መቼ መጥተው ያዩታል?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

ኢያቄም ከዚያ ሁሉ ትምህርት በጆሮው የቀረችው ይህቺው ነበረች።

የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከማድቤቱ አጠገብ ቆፈረው። ይህ የእውነት ስሕተት ነው፤ ኀጢአት አይጻፍበትም። ፋና መጥታ በእርምጃዋ ለካችና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄማ ከወጡ ጋር ሊጎራበት ነው። ይደፈንና ራቅ ብሎ ይቆፈር። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት! ያን ቀን ኢያቄም አንድ ነገር ተማረ። ሁለተኛውን ከምንጩ በላይ፣ እረኛ እንኳ «ተው» የሚለው ቦታ ላይ ቆፈረው።

«ምንጩ አልታየዎትም?» አለች ፋና፣ በግርምት።

«ዐይኔ ሌላ ቦታ ነበር።»

ፋና ቀና ብላ አየችው። እሱም በዚህ ጊዜ ወደ መሬት አልተመለሰም። እሷ ናት ቀድማ ዐይኗን የሰበረችው፤ የሌለ ነገር ከቦርሳዋ ስትፈልግ ቆየች።

«አንቺ ይበሉኝ፤» አለች ቀስ ብላ። «እኩዮች አይደለንም እንዴ?»

«አንተ ካልሽኝ።»

ሦስተኛውን ጉድጓድ ፋና ራሷ ቦታ መርጣ አሳየችው። ወገብ ያህል እንደ ወረደ ድጅኖው ከአለት ጋር ተላተመ። «ግድ የለም፣ ሌላ ቦታ እንምረጥ፤» አለችው። ኢያቄም ግን ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቀና አለ። «የላሊበላ ልጅ አለት አገኘሁ ብሎ ሲሸሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ድጅኖውን ጣለና መሮና መዶሻውን አነሣ።

በጋው እንዲሁ አለፈ። ፋና በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፤ ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች፤ እማማ አልጣሽ የገብስ ቆሎ ያቀርቡላታል። እሱ ከታች ይጠርባል፣ እሷ ከላይ ታወራለች። አንዳንድ ቀን ጨዋታው ሲቆም መሮው ብቻ ይሰማል። እሱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ከፊት በኩል መግቢያ ፈልፍሎ ደጃፉን በቅስት ጠረበው። ሽታ ለሚያጠፋው አመድ መስኮት የምትመስል ጓዳ ወጣለት፤ ለመታጠቢያው ቅል ማረፊያ ተፈለፈለለት፤ ከፊት ለፊት ደረጃ ተበጀለት።

አንድ ቀን የአሸተን ማርያሙ አባ ወልደ ሩፋኤል በመንገድ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት።

«ኢያቄም፣ ልጄ፣ ንጉሡ እነዚያን ሁሉ አብያተ ክርስቲያናት በሃያ ሦስት ዓመት ጨረሱ ይባላል። አንተ ለዚህች አንዲት ስንት ዓመት አስበሃል?»

«እሳቸው መላእክት ያግዟቸው ነበር አባ።»

አባ ጠርዙ ላይ የተቀመጠችውን ፋናን አየት አደረጉ። «አንተስ ምን ጎደለህ?» ብለው መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ። ፋና እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ያን ሰሞን ነው እማማ አልጣሽ አዲሱን ነገር ልይ ብለው የመጡት። ከደረጃው ሲደርሱ ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው የፕላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ፤ በቅስቱ ሥር ባዶ እግራቸውን ገቡ። ፋና አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«እማማ! ሽንት ቤት ስትገቡ ጫማ አድርጉ ብዬ ሳስተምር ከርሜ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እግሬ ነው!» አሉ ከውስጥ። «አለት ተፈልፍሎ፣ በር ወጥቶለት ሲያይ ከነጫማው መግባት መች ያውቃል?»

ፋና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትስቅ ግንባሯን በመዳፏ ትይዛለች። ኢያቄም መሮውን እንደያዘ ያያት ነበር። እንደሚወዳት ከዚያ በፊትም ያውቃል፤ ያን ቀን ግን ያለ እሷ ደስ ብሎት መኖር እንደማይችል አወቀ። ማወቁ አስፈራው።

«እናትሽም እንዲህ ታስቅሻለች?» አላት።

ሳቋ ቀዘቀዘ። «እናቴ ኮን ናት። ብቻዋን።»

ጠይቀኝ የምትል ትመስል ነበር። ኢያቄም ግን አልጠየቃትም። የኮን ወሬ ከተነሣ የመሄድ ወሬ ይከተላል ብሎ ፈራ። «ቆሎውን ብዪ እንጂ፤» ብሎ ወደ አለቱ ተመለሰ።

መጋቢት ሲገባ የቀረው ክዳኑ ብቻ ነበር። ፋና በመጣች ቁጥር «ክዳኑስ?» ትላለች፤ እሱ «ለክዳን የሚሆን ድንጋይ እየፈለግሁ ነው» ይላታል። ድንጋይ በሞላበት አገር!

በዚያ ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት ፋና ከተቆጣጣሪዋ ጋር መጣች። ደባሱ የሚባል፣ ሲራመድ የሚቸኩል ሰው ነው። ቅስቱን አየ፣ ጓዳዋን አየ፣ ተገረመ፤ ወዲያው ግን ፊቱን አኮሳተረ።

«ክዳን የለውም።»

«አቶ ደባሱ፣ ከቀበሌው የቀረው ይሄ ብቻ ነው፤» አለች ፋና። ድምፅዋ ይለምናል። «ክዳኑ ይደርሳል። የዕረፍት ፈቃዱን ዛሬ ይስጡኝና...»

«ቀበሌው ሲሞላ ብለን ተስማምተን ነበር ፋና። ለአንቺ ብዬ ያልሞላውን ሞላ ብል ነገ ለሌላው ምን እላለሁ?» ክፋት አልነበረበትም፤ ደንብ ነበረበት። ተሰናብቷቸው ወደ ከተማ ወረደ።

ፋና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እማማ አልጣሽ ፊቷን አይተው ደነገጡ።

«ምነው ልጄ? ለክዳን ነው እንዲህ የሆንሽው? ክዳኑማ አለ! ከጭዱ ሥር ነው ያለው፤ ባለፈው ለላሟ ጭድ ሳወጣ አይቼዋለሁ።» በቀና ልባቸው ሄደው ጭዱን ገለጡት።

ክዳኑ ያምራል። ክብ ነው፤ መያዣው እንኳ ተጠርቦ አልቋል። ፋና አጎንብሳ ዳሰሰችው።

«መቼ ነው የጠረብከው?»

ኢያቄም መዋሸት ይችል ነበር። «በጥምቀት ሰሞን፤» አለ።

«ለምን ደበቅከው?»

«ካለቀ አትመጪም ብዬ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ምን ያህል ደስ ባሰኛት! ፋና ግን ቀና ስትል ዐይኖቿ እንባ ሞልተዋል።

«የእናቴ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየበቀለ ዐይኗን ይወጋታል። አገር ቤት እያለሁ በወረንጦ እየነቀልኩላት ነበር የምትኖረው። አሁን የሚነቅልላት የለም። የዐይን ሐኪሞች ኮን መጥተው በነፃ ቀዶ ሕክምና ሲሰጡ ሰነበቱ፤ ነገ ያበቃሉ። በጎረቤት ልኬባት ‹ያለ ልጄ ዐይኔን አላስነካም› አለች። እኔ እዚህ ክዳን እጠብቃለሁ።»

ኢያቄም አንድ እርምጃ ቀረበ። «ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«ብትጠይቀኝ ኖሮ!»

ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ኢያቄም ክዳኑን ያንኑ ሰዓት ተሸክሞ ገጠመው፤ ደባሱንም ከተማ ድረስ ሮጦ ደርሶበት ይዞት ተመለሰ። ቀበሌው ሞላ፣ ፈቃዱም ተፈቀደ። ግን ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር፣ በጋሸና በኩል ወደ ኮን የሚሄድም መኪና አልነበረም። ፋና በማግስቱ አመሻሽ ላይ ኮን ስትደርስ ሐኪሞቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄደዋል።

ከኮን ስትመለስ ወደ እነ ኢያቄም ደጅ ዝር አላለችም። ለሌላው ሁሉ «ሞዴል ቤተሰብ» የሚለውን የቆርቆሮ ሰሌዳ በየደጁ ስትመታ የእነሱ ጤና ኬላው ውስጥ ተደግፎ ቀረ። እማማ አልጣሽ በየእሑዱ ያለቅሱ ነበር። «አፌ በተቆረጠ!» ይላሉ።

«አፍሽ ምን አደረገ እማ? እጄ ነው ያጠፋው፤» ይላቸዋል ኢያቄም።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ የማርያም ለት፣ አሸተን ላይ ቅዳሴ ሲያበቃ አባ ወልደ ሩፋኤል እንደ ልማዱ የቀበሌውን መልእክት ለሕዝቡ አሰሙ። ስለ ማዳበሪያ ተናገሩ፤ ስለ ሕፃናት ክትባት ተናገሩ። «ደግሞም፣» አሉ፣ «ሽፋሽፍቱ ዐይኑን የሚወጋው ሰው ሁሉ ጋሸና ጤና ጣቢያ እንዲመጣ ተብሏል። ከረቡዕ እስከ ዓርብ። ክፍያ የለውም። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።»

ኢያቄም ከወንዶች መካከል ቆሞ ወደ ሴቶቹ ወገን አየ። ፋና ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ገባው። ክትባቱም ከረቡዕ እስከ ዓርብ ነው፤ የክትባት ሣጥኑን ተሸክማ የምትዞረው እሷ ናት። የሰው ልጆችን ትታ ወደ እናቷ የምትሄድ ሴት አይደለችም።

በማግስቱ ኢያቄም የሸማ ልብሱን ለብሶ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ወደ ኮን ሄደ።

የፋናን እናት ወይዘሮ ውባንቺን ለብርሃኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር ያገኛቸው። አንድ ዐይናቸው ቀልቶ ያነባል።

«ማን ነህ አንተ?»

«ከላስታ ነኝ እናቴ። ፋና ከምትሠራበት አገር።»

«ልጄን ምን አገኘብኝ?»

«ደኅና ናት። ሥራ ይዟት ነው። እኔ... በመጋቢት እንዳትደርስልዎ ያደረግኋት ሰው ነኝ።»

ወይዘሮ ውባንቺ ነጠላቸውን ዝቅ አደረጉ። ኢያቄም ከማድቤቱ ጉድጓድ ጀምሮ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው። ክዳኑ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ።

«ከጭድ ሥር?» አሉ ሴትዮዋ።

«ከጭድ ሥር።»

«አንተ ሞኝ! አፍ እያለህ ድንጋይ ትደብቃለህ?» ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የፋና ሳቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ይቅርታውን እሷው ታውቃለች። የእኔን ዐይን ግን ዐይን ሳለ አድርሰው። በል፣ እጄን ያዝ።»

ጋሸና ጤና ጣቢያ በሰው ተጥለቅልቋል። ተራ ያዘላቸው፤ ስማቸውን አስመዘገበ። መርፌው ሲገባ «ልጄን ጥሩልኝ!» ብለው ሲጮኹ «ትመጣለች፣ ትመጣለች» እያለ እጃቸውን ያዘ። ሐኪሙ «ልጃቸው ነህ?» ሲለው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ዓርብ አመሻሹ ላይ፣ ወይዘሮ ውባንቺ ሁለቱም ዐይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እጃቸው ወደ ፋሻው ሲሄድ ኢያቄም ቀስ ብሎ ይመልሳል። ዝንብ ሲመጣም ያባርራል።

«ነገ ይፈታል አሉ፤» አሉት። «የልጄን ፊት አጥርቼ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! እስቲ ንገረኝ፣ አሁን ምን ትመስላለች?»

ኢያቄም ጥቂት አሰበ።

«ቀጭን ናት። ፀሐይ አጥቁሯታል፤ ዳገት ለዳገት ነዋ የምትውል። ስትስቅ ግንባሯን በመዳፏ ትይዛለች። ስትቆጣ ትናጋዋ ይደርቃል መሰል ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ሕፃናቱን ነው። እኔ...» አቆመ። «እኔ ቆንጆ ናት ብዬ ብቻ እንዳልነግርዎ፣ እሷን ሳያዩ የሚያልፍ ቀን ቀን አይመስልም። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ቀን አላየሁም።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። «ማን ነው እሱ? የማውቀው ኮቴ ነው።»

ኢያቄም ዞር አለ። ፋና አቧራ ለብሳ፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማለች። የመጨረሻውን ሕፃን ከትባ፣ ምናልባት አንድ ሐኪም እንኳ አገኝ ይሆናል ብላ ነበር በጭነት መኪና የመጣችው። መቼ እንደ ደረሰች፣ ከየት ጀምሮ እንደ ሰማች አላወቀም። ጉንጯ ላይ እንባ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ እናቷ ነው። ተንበረከከች፤ ፋሻውን እንደ ባለሙያ አየች፤ ከዚያ እንደ ልጅ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ወይዘሮ ውባንቺ ፀጉሯን እየዳሰሱ «እኔ ማንም ዐይኔን አይነካም ብዬ ነበር፤» አሉ፣ «ይሄ ድንጋይ ደባቂ ግን እጁ ደኅና ነው።»

ፋና ቀና አለች።

«ለምን ሳትነግረኝ መጣህ?»

«ባይሳካ ሁለተኛ እንዳትሰበሪብኝ ብዬ።»

«ከእንግዲህ አንድ ነገር አትደብቀኝ፤» አለችው። «መልካሙንም ቢሆን።»

«እወድሻለሁ።» እንዲህ ቶሎ እንደሚወጣ እሱም አልጠበቀም። «ይሄ ነው የቀረው፤ ሌላ የደበቅሁት የለም።»

ፋና ተነሥታ በእሱና በእናቷ መካከል ባለችው ቦታ ተቀመጠች። ዝንብ ስትመጣ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ዘረጉ፤ እጆቻቸው ሲገናኙ እሷ አልሸሸችም።

ሚሊኒየሙ ገባ። መስቀል ካለፈ በኋላ አባ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌ ይዘው ኮን ሄዱ። ወይዘሮ ውባንቺ እንደ ወጉ «እስቲ እንመካከር» ብለው መለሷቸው፣ እንደ ወጉ ደግሞ በሁለተኛው ጉዟቸው እሺ አሉ። ፋና ወደ ኮን ለመዛወር አስገብታው የነበረውን ማመልከቻ ራሷ ሄዳ አነሣችው፤ እናቷ ናቸው ወደ ላስታ የሚዛወሩት።

እናቷ የመጡ ለት ፋና ያን የቆርቆሮ ሰሌዳ ከጤና ኬላው አንሥታ አመጣችው። ኢያቄም ሚስማሩን ያዘላት፣ እሷ መታችው። እማማ አልጣሽ እንግዳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ዘለቁ። ሴቶቹ ሲቆዩ ፋና ምን ሆኑ ብላ ተከተለቻቸው።

ከደረጃው ግርጌ ሁለት ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ወይዘሮ ውባንቺ ባዶ እግራቸውን በቅስቱ ሥር ቆመው የአለቱን ጥርብ በጣታቸው ሳይሆን በዐይናቸው ይከተሉ ነበር፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች።

ፋና «ጫማ!» ልትል አፏን ከፈተች። ኢያቄም ከኋላዋ መጥቶ ሳቁን አፈነ።

«አስተምሪያቸው እንጂ ሐኪሟ።»

ፋና ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ሳቀች ወይስ አለቀሰች ለመለየት ያስቸግር ነበር።

«ነገ አስተምራታለሁ፤» አለች። «ዛሬስ ትየው።»